ለጥፎ መፋቅ



እዚህ ጠረጴዛ ላይ አራት ሳጥኖች አሉ። ሦስቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አራተኛው የአያቴ ነው። ከፊት ያላችሁ ከወዲሁ እያያችኋቸው ነው፤ ከኋላ ያላችሁ ደግሞ ስንጨርስ ቀርባችሁ ትዳስሷቸዋላችሁ። አዎ፣ በእጃችሁ። እኔ ዘንድ «መንካት ክልክል ነው» የሚባል ነገር የለም፤ ዛሬ የምናወራለት ነገር ግማሹ የዓይን፣ ግማሹ የጣት ነውና። አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሜ ላስታውቅ፦ ዓመት ስጠራ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ኋላ ላይ እንዳንጣላ።

ከአያቴ ሳጥን ልጀምር። የመርካቶ የቆርቆሮ ሳጥን ነው፤ ወንዱ ለትምህርት ራቅ ወዳለ ከተማ ሲሄድ፣ ሴቷ ስትዳር የሚገዛው ዓይነት። ከውጭ አረንጓዴ ተቀብቶ ቢጫ አበባ ተሥሎበታል። እምዬ፣ አያቴን እንዲያ ነበር የምንላት፣ ቁልፉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አስራ ነበር የምትውለው። የክት ነጠላዋ፣ የዕድሯ ደብተር፣ በመሐረብ የተቋጠረች ሳንቲሟ፣ ሁሉም እዚያ ነው ያለው። እኛን ልጆቹን ግን የሚስበን ዕቃው አልነበረም፤ ክዳኑ ነበር። ክዳኑን ከውስጥ በኩል በሥዕል ሞልታዋለች። ከካላንደር የተቆረጠች እመቤታችን፣ የከረሜላ ልጣጭ፣ ከሲጋራ ፓኮ የወጣ ብርማ ወረቀት በአበባ ቅርጽ ተቆርጦ፣ ከየት እንዳመጣችው የማይታወቅ የአንድ መርከብ ፎቶ። እምዬ በሕይወቷ መርከብ አይታ አታውቅም። ሁሉንም የለጠፈችው በዱቄት ሙጫ ነው።

አንድ ቀን «እምዬ፣ መርከቡ ምን ያደርግልሻል?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ሳጥኑን ስከፍት አገር ይታየኛል ልጄ» አለችኝ።

ቤታችንም ቢሆን ከሳጥኑ እምብዛም አይለይም ነበር። የጭቃ ቤት ነው፤ ግድግዳው አፈር እንዳያራግፍና ቤቱም ፈካ እንዲል ጋዜጣ ይለጠፍበታል። ሸምገል ያላችሁት ታስታውሳላችሁ፤ ዱቄት በውሃ ቀጠን ተደርጎ ይበጠበጥና እሳት ላይ ይንተከተካል፣ በጨርቅ ይቀባል፣ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ይለጠፍበታል። ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር በቆሸሸው ላይ ሌላ ይደረባል። ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ትምህርት ቤት ቢሆንም ማንበብ የለመድኩት እዚያ ግድግዳ ላይ ነው፤ ተገልብጦ የተለጠፈ ገጽ ሲያጋጥመኝ አንገቴን እንደ ዶሮ እያጣመምኩ። ታዲያ አንድ ክረምት ጣሪያው አፈሰሰና በጓዳ በኩል ያለው ወረቀት ረጥቦ ተላጠ። ከላይኛው ጋዜጣ ሥር ሌላ ጋዜጣ፣ ከዚያ ሥር የወየበ ሌላ፣ ከዚያም ሥር ጭራሽ የቡና አተላ የመሰለ፣ ከሁሉም ሥር ጭቃውና ጭዱ። እናቴ አዘነች፤ አባቴ ጣሪያ ሊደፍን ወጣ። እኔ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ያን ያህል የሚያምር ግድግዳ አይቼ አላውቅም ነበር።

ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ያን ግድግዳ ነው ማለት ይቻላል። ሳጥን ማስጌጥ ሲባል አብዛኞቻችን የሚመጣብን መለጠፍ ነው፤ ወረቀቱን፣ ዶቃውን፣ ዳንቴሉን፣ አብረቅራቂውን ሁሉ እላዩ ላይ መከመር። መለጠፍ ማንም ይለጥፋል። ሳጥኑ ላይ ነፍስ የሚዘራበት ግን ከለጠፍነውና ከቀባነው ላይ መልሰን የምንፍቀው ነው።

«ፋቀ» የሚለውን ቃል ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? ጥርስ ይፋቃል፤ የተሳሳተ ጽሑፍ ይፋቃል፤ ብራናም ይፋቃል። አገራችን ለስንት መቶ ዓመታት መጽሐፍ የጻፈችበት ብራና ሲዘጋጅ የሚጨመርበት ነገር ከሞላ ጎደል የለም፤ የፍየሉ ቆዳ ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ ከዚያ ሥጋውና ጸጉሩ በቢላና በድንጋይ እየተፋቀ እስኪነጣ ድረስ ይሳሳል። መጻፊያው ገጽ የተገኘው በመቀነስ ነው። ከዚያ ወዲያ ነው መደረቡ የሚመጣው፤ ግራና ቀኝ የእንጨት ገበታ፣ በገበታው ላይ በጋለ ብረት የተጌጠ ቆዳ፣ ገበታው ከውስጥ በኩል ሲታይ ደግሞ መሐሉ ላይ ከሩቅ አገር የመጣ የሐር ወይም የከፈይ ቁራጭ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ማኅደሩ ውስጥ ገብቶ ሰቀላ ላይ ተንጠልጥሎ ስታዩት ከሳጥን ምን ለየው? የቤተ ክርስቲያኖቻችን ሥዕልም ቢሆን አብዛኛው በቀጥታ ግድግዳው ላይ የተሣለ አይደለም፤ የጥጥ ጨርቅ በሙጫ ተለጥፎ፣ ነጭ ተቀብቶ፣ በዚያ ላይ ነው ቀለሙ የሚያርፈው። ጨርቅ፣ ሙጫ፣ ነጭ ልስን፣ ቀለም። ዛሬ የሥነ ጥበብ ተማሪዎች «ሚክስድ ሚዲያ» እያሉ አፋቸውን ሞልተው የሚናገሩለት ነገር ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?

ይህን ስል ሁሉም ነገር ከእኛ ተጀመረ ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ወሬ ይሰለቸኛል። ፈረንጆቹ በዚህ ነገር የሠሩትን ሥራ ላሳያችሁ ነው የምፈልገው፤ በተለይ ከአንድ ሰው ጋር ባስተዋውቃችሁ ደስ ይለኛል። ከእሱ በፊት ግን ስለ አንድ ማበጠሪያ ላውራ።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ቀለም ቀቢ ነበሩ፤ ጋሼ ነበር የምንላቸው። የብረት በር እንጨት ያስመስሉ ነበር። መጀመሪያ ገርጣ ያለ ቡናማ ይቀቡና ሲደርቅ በላዩ ጠቆር ያለውን ያለብሱታል። እርጥብ ሳለ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ጎማ በምላጭ ጥርስ ጥርስ አድርገው ያወጡትን ማበጠሪያ ከላይ ወደ ታች ይስቡበታል። እጃቸውን መሐል ላይ ነቅነቅ ሲያደርጉት የግንዱ ዓይን ብቅ ይላል። እኛ ተሰብስበን አፋችንን ከፍተን እናያለን። ልብ በሉ፤ እንጨቱ የታየው ጋሼ በቀቡት አይደለም፤ ከቀቡት ላይ ባነሡት ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዦርዥ ብራክ ሳነብ ሳቄ መጣ። ብራክ የቀለም ቀቢ ልጅ፣ የቀለም ቀቢ የልጅ ልጅ ነው፤ ራሱም ሠዓሊ ከመሆኑ በፊት ለዚሁ ሙያ ነበር የሠለጠነው። እብነ በረድና እንጨት ማስመሰል ያውቃል። ማበጠሪያውን ሸራ ላይ ያመጣው እሱ ነው፤ ለጓደኛው ለፒካሶም ያሳየው እሱ ነው። ቀለም ውስጥ አሸዋ እየቀላቀለም ይቀባ ነበር። በ1912 መስከረም ላይ ደግሞ ደቡብ ፈረንሳይ፣ አቪኞን ከተማ፣ አንድ ሱቅ ውስጥ የባሉጥ እንጨት መስሎ የታተመ የግድግዳ ወረቀት አይቶ ገዛ፤ ቆርጦም ሥዕሉ ላይ ለጠፈው። የፍሬ ሳህንና ብርጭቆ የሚታይበት ሥራ ነው። ፒካሶ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የወንበር ሽመና የታተመበትን ሙሻማ ጨርቅ ትንሽ ሞላላ ሥዕል ላይ ለጥፎ ዙሪያውን በገመድ ከቦት ነበር። የዘመናዊው ኮላጅ ታሪክ ሲነገር ከነዚህ ሁለት ሥራዎች ነው የሚጀመረው። እኔ ግን ሁልጊዜ የሚታየኝ የጋሼ ነጠላ ጫማ ነው።

ስለ ማክስ ኧርነስት በአጭሩ ልለፍ። ጀርመናዊ ነው። በ1925 ነሐሴ፣ ፖርኒክ በምትባል የፈረንሳይ የባሕር ዳር ከተማ፣ ባረፈበት ማረፊያ ቤት ውስጥ የወለሉ ሳንቃ ዓይኑን ያዘው፤ ስንት እግር የረገጠው፣ ስንት ጊዜ የታጠበ ሳንቃ ነው፤ ጭረቱ ሁሉ ፈጦ ወጥቷል። ወረቀት አነጠፈበትና በእርሳስ አሸው። ልጅ ሆነን ሳንቲም ከወረቀት ሥር አድርገን በእርሳስ ስናሽ የምናደርገው ነው፤ እሱ ግን ከዚያ ጭረት ውስጥ ጫካ አየ፣ ወፍ አየ፣ ዓይን አየ። ማሸቱን ፍሮታዥ አሉት። ቀጥሎ ደግሞ የተቀባ ሸራ ሸካራ ነገር ላይ አንጥፎ ቀለሙን ይፍቀው ጀመር፤ ይህኛውን ግራታዥ አሉት። ግራታዥ ማለት እንግዲህ መፋቅ ነው።

አሁን ወደ ሰውየው። ጆሴፍ ኮርኔል ይባላል። በ1903 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ተወለደ። ሥዕል የሚባል ትምህርት አልተማረም። ገና በጉርምስናው አባቱ ሞቱበትና ቤተሰብ ለመርዳት የሱፍ ጨርቅ ሻጭ ሆኖ ናሙና እየያዘ ከሱቅ ሱቅ ሲዞር አሥር ዓመት ያህል ቆየ። ከ1929 ጀምሮ ኩዊንስ ውስጥ ዩቶፒያ ፓርክዌይ በሚባል መንገድ ላይ ባለች አነስተኛ የእንጨት ቤት ከእናቱና ከታናሽ ወንድሙ ከሮበርት ጋር ኖረ። ሮበርት ከልጅነቱ ጀምሮ ሰውነቱ አይታዘዝለትም ነበር፤ ኮርኔል ዕድሜውን በሙሉ አስታመመው። ሚስት አላገባም። ፓሪስን እንደ መንደሩ ያውቃታል፤ የሆቴሎቿን ስም፣ የዳንሰኞቿን ታሪክ፣ ሁሉንም። እግሩ ግን አንድም ቀን አልረገጣት። ከአሜሪካ ወጥቶ አያውቅም።

ቀን ሲሠራ ይውላል፤ የምሳ ሰዓት ላይ የማንሃተንን የአሮጌ መጻሕፍት መደብሮች ይዞራል፤ የድሮ ካርታ፣ የወፍ ሥዕል፣ የሰዓት ሞላ፣ የሸክላ ፒፓ፣ ምን ያልሰበሰበው አለ? ማታ እናቱና ወንድሙ ሲተኙ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ የእሱ ይሆናል። በ1931 አንድ የኒውዮርክ ጋለሪ ውስጥ የኧርነስትን ኮላጆች አይቶ እሱም መቁረጥና መለጠፍ ጀመረ። እንጨት ገጥሞ ሳጥን መሥራት ግን አይችልም ነበር፤ ያስተማረው ጎረቤቱ ነው። በ1936 የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ባዘጋጀው ትልቅ ትርኢት ላይ የሳሙና አረፋ መንፊያ ያለበትን ሳጥን አሳየ። በ1940 የቀን ሥራውን ተወና ሳጥን ሠሪ ሆነ፤ እስከ ዕለተ ሞቱ።

ከሳጥኖቹ አንዱን ላስጎብኛችሁ። በ1940 የሠራው ነው፤ ዛሬ ኒውዮርክ በዚያው ሙዚየም ይገኛል። ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር ግድም፣ ከፍታው 12፤ የጌጥ ሣጥን ነው። ስትከፍቱት ውስጡ ከፈይ ለብሷል። በክዳኑ በኩል የብርጭቆ ፈርጥ ያለው ሐብል ተንጠልጥሏል፤ ርካሽ ሐብል ነው፣ የሳንቲም ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ የተገዛ። ከታች መስታወት ላይ በየጉድጓዳቸው የተደረደሩ የብርጭቆ ኩቦች አሉ፤ በረዶ ይመስላሉ። ታሪኩን ክዳኑ ላይ ጽፎታል። ማሪ ታግሊዮኒ የምትባል ዝነኛ ዳንሰኛ በ1835 ክረምት በሌሊት ስትጓዝ ሩሲያ ውስጥ ሽፍታ ሠረገላዋን ያስቆማል፤ በረዶው ላይ በተነጠፈ የነብር ቆዳ ላይ ለእሱ ብቻ ደነሰችለት፤ ከዚያ ወዲያ ያቺን ሌሊት ላለመርሳት ሰው ሠራሽ በረዶ ከጌጧ ጋር ታስቀምጥ ነበር ይላል። እውነት ይሁን ተረት አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፤ አንድ የርካሽ ሱቅ ሐብል እንዴት ብሎ ከሽፍታ የተረፈ ጌጥ መሰለ?

መልሱ የኮርኔል ትዕግሥት ነው። በተለይ በኋለኞቹ ዓመታት የሠራቸውን ነጫጭ ሳጥኖች፣ የርግብ ቤትና የሆቴል የሚባሉትን፣ ቀረብ ብላችሁ ብታዩ ቀለሙ ተሰነጣጥቋል፤ ጠርዙ ተላልጧል፤ የባሕር ጨው የበላው የአሮጌ ሆቴል ግድግዳ ይመስላል። ሰውየው ቀለም በቀለም ላይ እየደረበ ይቀባና ሳጥኑን የእናቱ ምድጃ ውስጥ ከቶ ይጋግረዋል። ካልሆነም ውጭ አውጥቶ ለፀሐይና ለዝናብ ይሰጠዋል። ይሞርደዋል፣ ይፍቀዋል። እኔ እናቱን ብሆን ምድጃዬን አላስነካም ነበር! ግን ሆነ፤ ፓሪስ ሄዶ የማያውቅ ሰው አንድ የተላጠ ነጭ እንጨት አሳይቶን ሆቴሉ ውስጥ ያደርን ይመስለናል። ፎቶ ለጥፎ «ይህ ፓሪስ ነው» ቢለን ኖሮ ማን ያምነዋል? እምዬም ብትሆን መርከቧ ያንን ያህል አገር ያሳየቻት ሙጫው ዳር ዳሩን አወይቦት፣ ክዳኑ ሲከፈትና ሲዘጋ ወረቀቱ ስለተጨማደደ ይመስለኛል። መርከቧ በእውነት የተጓዘች መሰለች።

እሺ፣ ወደ እጅ ሥራው እንግባ፤ ብሩሽ ይዛችሁ የመጣችሁም አላችሁ፣ አይቻለሁ።

የጫማ ካርቶን ይበቃል፤ ኮምፔንሳቶ ካገኛችሁ ደግሞ የተሻለ። ካርቶን ከሆነ አንድ ወጥመድ አለው። ወረቀት በውጭ በኩል ብቻ ለጥፋችሁ ብትተዉት በማግስቱ ጎኑ ጎብጦ ታገኙታላችሁ። ወረቀት ሲረጥብ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ካርቶኑን ወደ ራሱ ይስበዋል። ስለዚህ ከውስጥም ያንኑ ያህል መለጠፍ ነው፤ ሁለቱ ተጓትተው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሙጫው ነጩ የአናጢ ኮላ ይሁን። የዱቄት ሙጫ ካላችሁም አልከለክልም፤ እኔም እወደዋለሁ፤ ግን ቅርንፉድ አፍልታችሁ ውሃውን ጨምሩበት፣ ሻጋታ ይከላከላል። ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ለአንዲት የእኅቴ ልጅ ሠርግ የሠራሁትን ሳጥን ሐምሌን በሙሉ ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጥኩት፤ ጳጉሜን ላይ ሳወርደው ታችኛው ገጽ ጺም አብቅሏል፣ አንዱን ጥግ ደግሞ በረሮ ቀምሶታል። ለሠርጉ ብርድ ልብስ ገዛሁ።

ቀጥሎ ጄሶ። ጣሪያ የሚለሰንበት ጄሶ ነው፤ ሠዓሊዎች በጣልያንኛው ስም የሚጠሩት የሸራ ማንጠፊያ ነጭ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ጄሶ፣ ኮላና ውሃ እርጎ እስኪመስል ትበጠብጣላችሁ። ብዙ አትበጥብጡ፤ እጃችሁ ላይ ይደርቃል። ስስ አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀብታችሁ የመጨረሻውን ወፈር አድርጉት፤ ገጹ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። እርጥብ ሳለ ማበጠሪያ ሳቡበት። የጆንያ ቁራጭ ጫን አድርጋችሁ አንሡ። የመሶብ ስፌት አትሙበት፤ አክርማውና ስንደዶው አንድ በአንድ ይወጣል። ቤት ውስጥ ካለ ብሩሽ ሁሉ እኔ የምመርጠው ግን መፋቂያ ነው፤ ጫፉን አኝካችሁ ስታለሰልሱት እንደ ችፍርግ ይሆናል፤ ቀለም ነክራችሁ ጠቅ ጠቅ ስታደርጉበት የሚወጣውን ነጠብጣብ በገንዘብ የሚገዛ ብሩሽ አያወጣውም። ደግሞም ስሙ መፋቂያ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ልበል!

ከደረቀ በኋላ ቀለም። መጀመሪያ ጥቁሩን ወይም ጠቆር ያለውን ቡናማ፣ እስከ ጉድጓዱ ድረስ። ሲደርቅ ሻማ ትወስዱና ኋላ ተላልጦ እንዲታይ የምትፈልጉት ቦታ ላይ ታሹታላችሁ። ከዚያ በላዩ ላይ ሰማያዊ በሉት፣ ነጭ በሉት፣ የግድግዳ ቀለም ትቀባላችሁ። ቀለሙ ሰሙ ላይ አይይዝም። በደንብ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በምላጭ ጀርባ ፋቅ ስታደርጉት ከሥሩ ያለው ጥቁር ብቅ ይላል። የተሰነጠቀ ገጽ ከፈለጋችሁ ምድጃ አያስፈልግም፤ ኮላ ወፈር አድርጋችሁ ቀቡ፣ ጣት የሚይዝ ያህል ሲሆን በውሃ የሚሟሟ ቀለም በአንድ ጉዞ ጫን አድርጉበት፤ መመላለስ የለም። የላይኛው ቶሎ ሲደርቅ፣ የታችኛው ገና እየተንቀሳቀሰ ስለሆነ ይሰነጠቃል። ኮላው ወፍራም ከሆነ ስንጥቁ ሰፊ ነው፤ ከሳሳ እንደ ፀጉር ይቀጥናል። የዕንቁላል ቅርፊት አጥባችሁ፣ ውስጡን ስስ ሽፋን ልጣችሁ፣ ኮላ ላይ ጫን ብታደርጉትም ራሱ እየተሰባበረ ስንጥቁን ይሠራላችኋል፤ የቬትናም የላከር ሠዓሊዎች ነጭ የሚያወጡት በዚህ ነው።

መጨረሻ ላይ ጠቆር ያለ ቡና ወይም ቀጠን ያለ ቡናማ ቀለም በጨርቅ ቀብታችሁ ወዲያው መጥረግ፤ በጭረቱ ውስጥ የቀረው ይበቃል። ከዚያ ሰም። ቫርኒሹ ያብረቀርቃል፤ እኔ አብረቅራቂ አልወድም። ንብ ሰም በጨርቅ አሽታችሁ ስትወለውሉት ገጹ የሰው ቆዳ ይመስላል።

አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ያስጠይቀኛል። ጄሶ ስትፍቁ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። የድሮ የዘይት ቀለም የተቀባ ዕቃ ደግሞ ፈጽሞ አትፋቁ፤ የድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ፣ ማዕድኑን ነው የምላችሁ፣ ሊኖር ይችላል፤ ብናኙ በተለይ ለሕፃናት መርዝ ነው።

የት ነው የሚፋቀው? ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። አስተማሪ ሳለሁ፣ የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ላይ፣ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሳጥኗን ሰማያዊ በሰማያዊ አድርጋ ጨረሰችና አመጣችልኝ። እንከን የለውም። ብርጭቆ ወረቀት ሰጠኋት። «ቲቸር፣ ይበላሻል» አለችኝ። «ይበላሽ» አልኳት። ሄዳ ከክዳኑ መሐል ጀመረች፤ ክብ ክብ እያደረገች ፋቀች፤ መሐሉ ላይ ራሰ በራ ወጣበት። እንባዋ መጣ። «አበላሸሁት አላልኩም ቲቸር?» ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ፋቂ አልኳት እንጂ የት እንደሆነ አልነገርኳትም። ያን ማታ ቤት ሄጄ የእምዬን ሳጥን ወደ መብራት አዞርኩት። ቀለሙ መሐሉ ላይ እንደ አዲስ ነው። የለቀቀው ጠርዙ ላይ፣ ማዕዘኖቹ ላይ፣ እጀታው ሥር ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በቁልፉ ግራና ቀኝ፤ በአውራ ጣትና በሌሎቹ ጣቶች ልክ ቆርቆሮው ነጥቶ ይታያል። በማግስቱ ሳጥኑን ተሸክሜ ክፍል ገባሁ። ልጅቷ ጣቷን የእምዬ ጣት የነበረበት ላይ አሳረፈችና ዝም አለች። ከዚያ ሰማያዊዋን እንደገና ቀብታ እጅ የሚያርፍበትን ብቻ ፋቀች። እኔም ከዚያ ወዲህ ሳጥን ከመፋቄ በፊት ባዶውን ሠላሳ አርባ ጊዜ እከፍተዋለሁ፣ እዘጋዋለሁ፤ እጄ የት እንደሚያርፍ ለማየት።

ገበያ ላይ የሚሸጠው በፋብሪካ «ያረጀ» ወረቀትና ሳጥን የማይጥመኝ ለዚህ ነው። ማንም ያልነካው ቦታ ላይ ይላጣል፤ አራቱም ማዕዘን እኩል ያረጃል። እኩል የሚያረጅ ነገር የት አያችሁ? ዶቃ የምታበዙትም ይቅር በሉኝ፤ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፣ ሲነኩት ግን እጅ የሚያሳርፍበት የለውም።

የአገራችንን ኤልያስ ስሜን ሥራዎች ያያችሁ ካላችሁ የምለው በቀላሉ ይገባችኋል። ከመርካቶ ምናለሽ ተራ እየተለቀመ የሚመጣውን የተጣለ ኤሌክትሮኒክስ፣ ሽቦውን፣ ሰርኪቱን፣ የኮምፒውተር መጫኛ ቁልፉን እየገጠመና እየሸመነ ሰፊ ሰፊ ገጽ ይሠራል። ከሩቅ ከአውሮፕላን የሚታይ እርሻ ይመስላል። ቀረብ ስትሉ የኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ ፊደሉ ጠፍቷል፤ የማናውቀው ሰው ጣት የፋቀው ነው። እሱ እንዲያ ያለውን ዕቃ ተፍቆ ያገኘዋል፤ እኛ ቤታችን ተቀምጠን የምንሠራ ደግሞ ራሳችን መፋቅ አለብን። ከመስከረም አሰግድ ጋር ያቋቋመው ዞማ ሙዚየም አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ ግቢው የጭቃና የጭድ ግድግዳ አለው። እኔ በበኩሌ ሥዕሉን ልይ ብዬ ሄጄ ግማሽ ቀን ግድግዳውን ስዳስስ ነው የዋልኩት።

ኮርኔል ከመሞቱ በፊት በ1972 ኒውዮርክ፣ ኩፐር ዩኒየን ውስጥ፣ አንድ ትርኢት ለሕፃናት አዘጋጀ። ሳጥኖቹ የተሰቀሉት ዝቅ ብለው፣ በልጆች ቁመት ልክ ነው፤ ትልልቆቹ ሰዎች ማየት ከፈለጉ ማጎንበስ ነበረባቸው። ለልጆቹ ኬክና ለስላሳ ቀረበላቸው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ዐረፈ።

እኔ ኬክ አላመጣሁም፤ ሳጥኖቹ ግን እዚህ ናቸው፤ ጠረጴዛውም ዝቅ ያለ ነው። የመጀመሪያው ተሰንጥቋል፣ ሆን ተብሎ ነው። ሁለተኛውን አሽትቱት፤ ቡናው ገና አልለቀቀውም። የሦስተኛው ክዳን ይጠብቃል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቀለም ስደርብ ስደርብ የክዳኑ አፍ ውፍረት እንደሚጨምር ረስቼ ስጨርሰው አልዘጋ አለኝ፤ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ፍቄ እዚህ አደረስኩት፣ ስለዚህ አታስገድዱት። የእምዬን ሳጥን ስትከፍቱ ክዳኑን በሁለት እጅ ያዙት፤ ማጠፊያው ላልቷል። መርከቡ በስተግራ ጥግ ነው፣ ከእመቤታችን ሥር።